እንቆቅልሽና መልሱ፦ በተረት ዓለም ስለሚሠሩ ቁሶች

በአገራችን የማታ ጨዋታ አንድ የታወቀ ሥርዓት አለው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል። ከዚያም ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚያየው ተራ ነገር፣ እንቁላል ይሁን ጥላ ወይም ምላስ፣ ማንም እንዳያውቀው ሆኖ በቃላት ተሸፍኖ ይቀርባል። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ይሰጣል፤ መልሱም ይነገረዋል። ጨዋታው የሚሞላው ሁለቱም ሲኖሩ ነው። መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ያናድዳል፤ እንቆቅልሽ ያልቀደመው መልስም ጣዕም የለውም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቶች በትርፍ ጊዜያቸው ከሚያዘወትሯቸው የኮምፒዩተርና የሞባይል ጨዋታዎች ብዙዎቹ በተረት ዓለም ውስጥ የሚካሄዱ ናቸው። ተጫዋቹ ማዕድን ይቆፍራል፤ ቅጠል ይለቅማል፤ የዘንዶ ቅርፊት ይሰበስባል፤ ከሰበሰበውም ጋሻ፣ ሰይፍና መድኃኒት ይሠራል። እያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ ሁለት ወይም ሦስት መስመር የሚሆን መግለጫ ይጻፍለታል። መግለጫው ቀልድ የተቀላቀለበት፣ አንዳንዴም ቅኔ ቅኔ የሚሸት ነው። ሲነኩት የሚስቅ እንጨት፣ በጨረቃ ብርሃን ብቻ የሚታይ ብረት፣ ከማዕበል ጩኸት የተፈተለ ክር በዚህ ዓለም ውስጥ ብርቅ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ መምህራንና ወላጆች ጥቂት አይደሉም። የእኛ አስተያየት ግን የተለየ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን መልስ አላቸው፤ እንቆቅልሽ ግን የላቸውም። የተረት ዓለም ጨዋታዎችና ልብ ወለዶች ደግሞ እንቆቅልሽ አላቸው፤ መልስ ግን አይሰጡም። ሁለቱን ማገናኘት የሳይንስ ተማሪ ሥራ ነው እንላለን። ሁለቱ ተለያይተው ሲቀሩ የሚደርሰው ጉዳትም በፈተና ውጤት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በሰዎች ኑሮና ክብር ላይ ጭምር የሚወድቅ ነው። ይህን ከዚህ በታች በምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን። (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስድስቱ የማይገኙ ነገሮች

ስለ ምናባዊ ቁስ ከተጻፉት መግለጫዎች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ምናልባት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን የመዘገበው ነው። በጥንታውያን የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ተረት አማልክቱ ፌንሪር የተባለውን ግዙፍ ተኩላ ለማሰር ሁለት ጊዜ ከባድ ሰንሰለት ሠሩ፤ ተኩላው ሁለቱንም በጠሰ። በሦስተኛው ጊዜ ከምድር በታች ወደሚኖሩት ድንክ አንጥረኞች መልእክት ላኩ። ድንኮቹም ግሌይፕኒር የተባለ እስራት ሠሩ። ከስድስት ነገሮች የተሠራ ነበር፦ ከድመት ኮቴ ድምፅ፣ ከሴት ጢም፣ ከተራራ ሥር፣ ከድብ ጅማት፣ ከዓሣ ትንፋሽና ከወፍ ምራቅ። እንደ ሐር ጥብጣብ ለስላሳና ቀጭን ሆኖ ሳለ ተኩላውን አስሮ አስቀረው። ተኩላው ግን ነገሩን ጠርጥሮ ስለነበር ቲር የተባለው አምላክ እጁን በአፉ ውስጥ በመያዣነት ካላስገባ አልታሰርም ብሎ ነበርና፣ ቲር እጁን አጣ።

አንባቢ እዚህ ላይ ስቆ ሊያልፍ ይችላል። እኛ ግን ሁለት ቁም ነገሮች እናይበታለን።

የመጀመሪያው ስለ ቁስ ጥበቃ ነው። ተረቱ ድመት ስትራመድ የማትሰማው፣ ሴት ጢም የማታበቅለው፣ ተራራም ሥር የሌለው እነዚህ ነገሮች ለእስራቱ ሥራ ስለዋሉ ነው ይላል። ቀልዱ ውስጥ አንድ ሕግ ተሸሽጓል፤ በአንድ ቦታ አንድ ነገር ከተሠራ በሌላ ቦታ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። ላቩዋዚዬ በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ በሚዛን አስደግፎ ያስተማረውም በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ቁስ ከምንም እንደማይፈጠርና ወደ ምንምነት እንደማይጠፋ ነው። እርግጥ ነው፤ የአይስላንዱ ተራኪ ሚዛን አልነበረውም። ነገር ግን «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅን አልዘነጋም።

ሁለተኛው ስለ ቀጭን ነገር ጥንካሬ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። በረዷማው ሰሜን ተኩላውን፣ እኛ ደግሞ አንበሳውን በቀጭን ነገር ማሰራችን የሚገርም ነው። ነገሩ ከምሳሌያዊነት ባሻገር እውነትነት አለው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የመስታወት ዘንጎችን እያቀጠነ ጥንካሬያቸውን ሲለካ፣ ክሩ እየቀጠነ በሄደ መጠን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት የሚሸከመው ኃይል እየጨመረ መሄዱን አገኘ። ምክንያቱም ቁስ የሚሰበረው በውስጡ ወይም በገጹ ላይ ካሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ተነሥቶ ነው፤ ቀጭን ክር ደግሞ ትልቅ ስንጥቅ የሚሸከምበት ቦታ የለውም። ብዙ ክሮች አንድ ላይ ሲገመዱ ሌላ ጥቅም ይገኛል፤ የአንዱ ክር መበጠስ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም። ወፍራም ዘንግ ግን አንድ ጊዜ መሰንጠቅ ከጀመረ እስከ ዳር ይሄዳል።

የሸረሪት ድር ደግሞ የዚህ ሕያው ምስክር ነው። ሸረሪቷ ራሷን የምታንጠለጥልበት ክር፣ በእኩል ክብደት ሲነጻጸር፣ ከብረት በብዙ እጥፍ ይጠነክራል። ክሩ ፕሮቲን ነው፤ በውስጡ እንደ ጡብ የተደረደሩ ጠጣር ክፍሎችና እንደ ላስቲክ የሚለጠጡ ልል ክፍሎች አብረው አሉ። ብረት ለማቅለጥ እስከ 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሸረሪቷ ግን ከውሃና ከፕሮቲን በተሠራ ፈሳሽ፣ ያለ እሳት፣ በአየሩ ሙቀት ትፈትላለች። ይህን የሚያክል ቁስ ለምን በገበያ የለም ቢባል፣ ሸረሪቶች እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ እንደ ሐር ትል አብረው ሊረቡ አይችሉም። በማዳጋስካር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከሆኑ ሸረሪቶች የተገኘ ክር ተሸምኖ አንድ ወርቃማ ጨርቅ ወጥቶታል፤ በ2009 በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። ድንኮቹም ቢያዩት የሚቀኑበት ሥራ ነው።

ሚትሪል በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ

ከዘመናዊ ልብ ወለድ ቁሶች መካከል የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ሚትሪል የሚያህል ዝነኛ የለም። በ1954 እና 1955 በታተመው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ውስጥ የሚገኘው ይህ ብረት እንደ መዳብ ይቀጠቀጣል፤ እንደ መስታወት ይወለወላል፤ እንደ ብር ያበራል፤ ነገር ግን አይጠቁርም። ቀላል ሆኖ ሳለ ከብርቱ ብረት ይጠነክራል። ከእርሱ የተሠራ የጥልፍልፍ ጥሩር የለበሰው ፍሮዶ በጦር ተወግቶ በሕይወት ተርፏል።

የቶልኪን መግለጫ ከሌሎቹ የሚለየው በጥንቃቄው ነው። ፍሮዶ ከሞት ቢድንም ጎኑ በልዞ፣ የጥሩሩም ቀለበቶች በሥጋው ላይ ታትመው ተገኝተዋል። ይህ ትክክለኛ ፊዚክስ ነው። ጥሩር የጦሩን ጫፍ ሊያግድ ይችላል፤ ጦሩ ይዞት የመጣውን እንቅስቃሴ ግን ሊያጠፋው አይችልም፤ በሰፊ ቦታ ላይ ይበትነዋል እንጂ። በብዙ ጨዋታዎች ውስጥ ግን ጥሩር የለበሰ ሰው መንገዳገድ እንኳ አይነካውም።

ወደ እውነተኛው ዓለም ስንመለስ ለሚትሪል እጅግ የሚቀርበው ታይታኒየም ነው። እፍግታው በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 4.5 ግራም ሲሆን የብረት 7.9 ገደማ ነው፤ ከሌሎች ብረታ ብረቶች ጋር ሲቀላቀል ጥንካሬው ከብዙ የብረት ዓይነቶች ጋር ይወዳደራል፤ የባሕር ውሃ እንኳ አያዝገውም። በጥጥርነት፣ ማለትም ባለመጫር፣ ግን በደንብ የጠነከረ ብረት ይበልጠዋል። ስለዚህ ሚትሪልን ሙሉ በሙሉ አይተካም። አንባቢ ልብ ማለት ያለበትም እዚህ ላይ ነው፤ በዕለት ንግግራችን «ጠንካራ» የምንለው አንድ ቃል በቤተ ሙከራ ውስጥ ሦስት ወይም አራት የተለያዩ ባሕርያት ሆኖ ይገኛል።

የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በተረቱ ውስጥ ሚትሪል ውድ የሆነው ማዕድኑ በሞሪያ ጥልቅ ጉድጓዶች ብቻ ስለሚገኝ ነው። ታይታኒየም ግን በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት ዘጠነኛው ንጥረ ነገር ነው። ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደው ነጭ ዱቄት በግድግዳ ቀለም፣ በወረቀትና በጥርስ ሳሙና ውስጥ አለ። ይህን መጽሔት በመማሪያ ክፍል ተቀምጦ የሚያነብ ተማሪ ቀና ቢል ከፊቱ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ የሚትሪልን ዘመድ ሊያይ ይችላል። ታይታኒየም በ1791 በእንግሊዝ አገር በዊልያም ግሬጎር ታወቀ፤ በ1795 ክላፕሮት ከግሪክ ተረት ግዙፋን ከታይታኖች ስም አወጣለት፤ ንጹሑ ብረት የተገኘው ግን በ1910 ነው። ከመታወቅ እስከ መገኘት ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ምክንያቱ ታይታኒየም ሲሞቅ ኦክስጅንንና ናይትሮጅንን በብርቱ ስለሚስብ ነው፤ እነርሱን ሲወስድ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። የሉክሰምበርጉ ተወላጅ ዊልያም ክሮል ባዳበረው ሂደት ማዕድኑ በመጀመሪያ ከክሎሪን ጋር ተዋሕዶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም አየር በሌለበት፣ በአርጎን ጋዝ ውስጥ፣ በቀለጠ ማግኒዚየም አማካይነት ክሎሪኑን ይተዋል። የሚገኘው ስፖንጅ የመሰለ ብረት እንደገና መቅለጥ አለበት። እንግዲህ ውድ የሆነው ድንጋዩ አይደለም፤ እውቀቱና ድካሙ ነው። ተረቱም ጨዋታውም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ ክብሩን ሁሉ ለማዕድኑ ሰጥተው ለሂደቱ ምንም አያስቀሩም። አንድ አገር ማዕድን ስላላት ብቻ ሀብታም ትሆናለች ብሎ የሚያስብ ወጣትም በዚሁ ስሕተት ውስጥ ነው።

የአልማዝ ዶማና የባልጩት ግንብ

«ማይንክራፍት» የተባለው ጨዋታ በ2011 ሙሉ በሙሉ ከወጣ ወዲህ እስከ 2023 ድረስ ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። በዚህ ጨዋታ ውሃ በቀለጠ ዓለት ላይ ሲፈስ ኦብሲዲያን ይሆናል፤ ይህም በአገራችን ባልጩት ከምንላቸው ድንጋዮች ዋነኛው፣ ጥቁሩ የመስታወት ድንጋይ ነው። በጨዋታው ይህ ድንጋይ ፍንዳታ አይበግረውም፤ ሊቆፍረው የሚችለውም ከአልማዝ የተሠራ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዶማ ብቻ ነው።

ከዚህ ውስጥ ስንቱ እውነት ነው? ባልጩት በፍጥነት ከቀዘቀዘ የቀለጠ ዓለት መፈጠሩ እውነት ነው። ዓለቱ ቶሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት አቶሞች ተራ ይዘው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አያገኙም፤ ስለዚህ መስታወት ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ማንኛውም የቀለጠ ዓለት አይበቃም፤ በሲሊካ የበለጸገና ዝልግልግ መሆን አለበት። በኤርታ አሌ የሚፈላው ባዛልታዊ ዓለት የሲሊካ መጠኑ ዝቅተኛ ነው፤ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ግን ባልጩት ይገኛል። አይበገሬነቱስ? ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ባልጩት መስታወት ነውና አንድ ሕፃን በመዶሻ ሊሰባብረው ይችላል። የአልማዝ ዶማም ቢሆን ያው ነው። አልማዝን የሚጭር የተፈጥሮ ማዕድን የለም፤ ሆኖም በመዶሻ ቢመታ ይሰነጠቃል። አለመጫር አንድ ነገር፣ አለመሰበር ሌላ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የባልጩት እውነተኛ ታሪክ ከጨዋታው ይልቅ ያስደንቃል። ሲሰበር የሚተወው ስለት ከብረት ምላጭ ይስላል፤ ውፍረቱ በናኖ ሜትር የሚቆጠር ነው። በመልካ ቁንጡሬ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ቅድመ አያቶቻችን ከባልጩት መሣሪያ ሲሠሩ እንደነበር በ2023 ይፋ ሆኗል። በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ በጋደሞታ የተገኙ የባልጩት ጫፎች ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸውና የሚወረወር ጦር ጫፍ ሆነው እንዳገለገሉ ዮናታን ሣህሌና ባልደረቦቹ በ2013 አስታውቀዋል። ይህን የወሰኑት በጫፎቹ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የስብራት መስመሮች አጥንተው ነው፤ ስንጥቁ በመስታወቱ ውስጥ የሄደበትን ፍጥነት ከመስመሮቹ ማስላት ይቻላልና። በስክሪኑ ላይ ባልጩት የሚቆፍረው ወጣት፣ የሰው ልጅ የመጀመሪያዎቹን የዕደ ጥበብ ቁሶች ከመረጠባቸው ስፍራዎች በአንዱ አገር ላይ ተቀምጦ መጫወቱን ማን ነገረው?

በጉድጓድ ውስጥ ያለው ጋኔን

እስካሁን ያየነው የምናብን በጎ ገጽታ ነው። ሌላም ገጽታ አለው፤ እርሱንም መሸፈን አይገባንም።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር የሚኖሩ ማዕድን ቆፋሪዎች ብር የሚመስል ማዕድን ያገኙ ነበር። ሲያነጡት ግን ብር አይወጣውም፤ ይልቁንም ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ያሳምማቸዋል። ምክንያቱን ስላላወቁ ኮቦልድ የተባለ የጉድጓድ ጋኔን ብራችንን ሰርቆ በምትኩ ይህን ክፉ ድንጋይ አስቀመጠ አሉ። ስዊድናዊው ኬሚስት ጌኦርግ ብራንት በ1730ዎቹ ድንጋዩን መርምሮ በውስጡ ያልታወቀ ብረት አገኘ፤ ስሙም ከጋኔኑ ስም ኮባልት ተባለ። ሲያሳምማቸው የነበረው ከኮባልቱ ጋር ተዋሕዶ የሚገኘው አርሴኒክ ነበር። የኒኬል ስምም የመጣው ከዚሁ ዓይነት የቆፋሪዎች እርግማን ነው። ታንታለም ደግሞ በ1802 ሲገኝ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንዳይጠጣ ከተፈረደበት ከግሪኩ ታንታሉስ ስም ተሰጠው፤ ኦክሳይዱ በአሲድ ውስጥ ተቀምጦ ከአሲዱ ምንም አይወስድምና። ፔሪዮዲክ ሠንጠረዣችን ራሱ ግማሽ ተረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጀርመን ቆፋሪዎች ጥፋቱን በማይታይ ጋኔን ላይ ማሳበባቸው ማንንም አልጎዳም ይባል ይሆናል። በአገራችን ግን የማይገባው ሂደት የተለጠፈው በጋኔን ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። ቀይ አፈር ወደ ምድጃ ገብቶ ማረሻ ሆኖ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ከሰልና አየር በብረቱ ማዕድን ላይ ምን እንደሚሠሩ ስላላወቀ፣ ምሥጢሩን በቀጥቃጩ ዓይን ውስጥ አየው። ቀጥቃጩ ቡዳ ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ሸክላ ሠሪዋም፣ ቆዳ ፋቂውም ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳቸው። ማረሻውን ያልናቀ ገበሬ ማረሻ ሠሪውን ናቀ፤ ልጁን አልዳረለትም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ባለሙያዎችን መስደብ ከለከሉ፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም አመለካከቱ ከሁሉም ስፍራ ጨርሶ አልጠፋም።

ይህ ነው እንቆቅልሽ ያለ መልስ ሲቀር የሚያስከትለው ጉዳት። በተረት ዓለም ጨዋታዎች ውስጥ አንጥረኛው ሁሉ የሚፈልገው፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ይህ በጎ ነው። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ጥበቡ አስማት ነው እንጂ እውቀት አይደለም። አስማት ደግሞ ዛሬ ቢከበር ነገ ይፈራል፤ ከፈሩትም ይጠሉታል። ሊጠበቅ የሚችለው ክብር በመረዳት ላይ የተመሠረተው ብቻ ነው። ቀጥቃጩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅንን ከማዕድኑ እንዲነጥቅለት ምድጃውን፣ ወናፉንና ከሰሉን የሚያመጣጥን ባለሙያ መሆኑን የተረዳ ተማሪ ቡዳ ሊለው አይችልም፤ አስተማሪዬ ይለው ይሆናል እንጂ።

ይኸው ጥያቄ ወደ እጃችን ስልክም ይመጣል። የስልኩን ባትሪ ለመሥራት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው፤ እዚያም ሕፃናት ጭምር በእጃቸው ሲቆፍሩ ታይተዋል። ታንታለም ደግሞ በእኛው አገር በጉጂ ዞን በቀንጢቻ ይገኛል። በጨዋታው ማዕድን በአንድ ንክኪ ይወጣል፤ ጨዋታውን የተሸከመው ስልክ ግን በሰው ላብ የተሠራ ነው። ቶልኪን ድንኮቹ ሚትሪል ፍለጋ ከመጠን በላይ ቆፍረው ከምድር በታች የተኛውን ጥፋት እንደቀሰቀሱ ሲጽፍ ይህን የዘነጋ አይመስልም።

ገና ያልተገኘ ቁስ መግለጫ

አንዳንድ አንባብያን «ታዲያ ምናቡን ትቶ ወደ መጽሐፉ መመለስ አይሻልም?» ይሉ ይሆናል። የሳይንስ ታሪክ ግን እንዲህ አያስተምረንም።

ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌዬቭ በ1869 ንጥረ ነገሮችን በሠንጠረዥ ሲደረድር ባዶ ቦታዎች አገኘ። በ1871 በእነዚያ ባዶ ቦታዎች ሊኖሩ ስለሚገባቸው፣ ማንም አይቷቸው ስለማያውቅ ንጥረ ነገሮች መግለጫ ጻፈ። ከአሉሚኒየም በታች የሚውለው፣ ኤካ አሉሚኒየም ያለው፣ የአቶም ክብደቱ 68፣ እፍግታው 5.9 ገደማ፣ በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት ይሆናል አለ። ይህ በዚያ ዘመን ሰዎች ዓይን ከድንኮቹ እስራት የተሻለ አልነበረም። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘ፤ እፍግታውንም 4.7 ብሎ ለካ። ብረቱን በዓይኑ ያላየው ሜንዴሌዬቭ ናሙናው ንጹሕ ላይሆን ይችላልና እንደገና ይለካ ሲል ጻፈ። ተጣርቶ ሲለካ 5.9 ሆነ። መቅለጫውም 29.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ጋሊየም በሰው መዳፍ ላይ ይቀልጣል። ከዚያም በ1886 ጀርመናዊው ዊንክለር ያገኘው ጀርማኒየም ሌላውን የሜንዴሌዬቭ መግለጫ አጸደቀ።

ሜንዴሌዬቭ ሁልጊዜ አልተሳካለትም። በኋለኛው ዘመኑ ከሃይድሮጅን የሚቀልል ንጥረ ነገር አለ ብሎ ገምቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር የለም። ልዩነቱን ልብ እንበል። ከተረት ጸሐፊው የሚለየው ምናቡ ማነሱ አይደለም፤ መግለጫውን ቁጥር አልብሶ «ለኩት፤ ከተሳሳትሁ ይታወቃል» ማለቱ ነው። ምናብ ለመለካት ራሱን ሲያቀርብ ሳይንስ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በኬሚስትሪና በፊዚክስ ትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ አልያም በሳይንስ ክበባት፣ ተማሪዎች ከሚያውቁት ጨዋታ ወይም መጽሐፍ አንድ ምናባዊ ቁስ መርጠው ያምጡ፤ አራት ጥያቄዎችም ይቅረቡለት። መግለጫው ስለ የትኞቹ ባሕርያት ይናገራል፤ እያንዳንዱስ በምን ይለካል? እነዚህ ባሕርያት በአንድ ቁስ ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ ወይስ አንዱ ሌላውን ያፈርሳል? ከምን ተሠራ፤ ለመሠራቱስ ከየት ምን ጎደለ? ማን ሠራው፤ ምንስ አስከፈለው? አራተኛው ጥያቄ የኬሚስትሪ ጥያቄ አይደለም የሚል ቢኖር፣ የቀጥቃጩን ታሪክ መለስ ብሎ ያንብብልን።

ሁለተኛው ልምምድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በእጃችን ስላለ እውነተኛ ቁስ በተረት ዓለም ቋንቋ መግለጫ እንጻፍ። ለምሳሌ፦ «ከመቶ እጁ ዘጠና ዘጠኙ አየር የሆነ፣ የረጋ ጢስ የሚመስል ጡብ፤ የኮከብ ትቢያ ይያዝበታል።» መልሱ ኤሮጄል ነው። ኪስትለር በ1931 ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ በ1999 የተመጠቀችው ስታርደስት የተባለች መንኮራኩር ከአንድ ባለጅራት ኮከብ የተበተነ ትቢያ በዚህ ቁስ ይዛ በ2006 ወደ ምድር ልካለች። በሌላ ምሳሌ ደግሞ፦ «ግንዱ እንጀራ፣ ቅጠሉ ጉዝጓዝ፣ ጅማቱ ገመድ የሆነ ዛፍ ያልሆነ ዛፍ።» ይህን የደቡብ ልጆች ቀድመው ይመልሱታል፤ እንሰት ነው። የእንሰት ቃጫ ስንት ኪሎ ግራም ይሸከማል? አንዱ ክር ስንት፣ አሥሩ ተገምደው ስንት? ባልዲ አንጠልጥሎ ውሃ እየጨመሩ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ድር ሲያብር አንበሳ ማሰር አለማሰሩን ከምሳሌያዊ አነጋገር አውጥቶ በቁጥር ለማስቀመጥ አንድ የከሰዓት በኋላ ጊዜ ይበቃል።

ተማሪዎች ጨዋታውን እንዲተዉ አንመክርም። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከስክሪኑ ላይ አንድ አስደናቂ ድንጋይ ስታነሡ፣ መግለጫውንም አንብባችሁ ፈገግ ስትሉ፣ ጨዋታው «እንቆቅልሽ» እንዳላችሁ ቁጠሩት። «ምን አውቅልሽ» ብሎ መልስ የመፈለጉ ተራ የእናንተ ነው። አገር ሰጥቶ መቀመጥ ግን አይገባም፤ አገሪቱ ታስፈልገናለችና።